መርፌዋ የምትወድቅበት ስፍራ
ከቁስቋም ወደ ዛሪማ የተደረገ የአራት ቀን ጉዞ

ከደጅ ሲወጡ የሚከተል፣ ሲመለሱም ደጁን የሚከፍት እርሱ ይመስገን። ይህን የምጽፈው ከመንገድ ተመልሼ ጎንደር፣ ቁስቋም ባለችው ጠባብ ቤቴ ተቀምጬ፣ ያበጠ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ነው። የምጽፈውም ወደዚያ አገር ለማይሄዱ ጎረቤቶቼ ነው። አብዛኞቹ በዕድሜያቸው ወደ ደቡብ ከአዘዞና ከጠዳ፣ ወደ ሰሜንም ከአምባ ጊዮርጊስ አላለፉም፤ ከመጣሁ ጀምሮ "ቆላው እንዴት ነው?" እያሉ ይጠይቁኛል። በአንድ ቃል የሚመለስ ስላልሆነ እንደ ሆነው በየቀኑ አድርጌ ልንገራቸው።

አስቀድሜ የጉዞውን ምክንያት ልናገር። የኔታ ኅሩይ በወጣትነቴ ዜማ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው፤ የዜማ ጉባኤ ቤታቸውም ከዛሪማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስወጣ ኮረብታ ላይ ነው። በተማርሁት የአራራይ ዜማ ውስጥ ድምፅ ከፍ ብሎ፣ እንደ ጭልፊት በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚቆይበት አንድ ስፍራ አለ። እኔ እዚያ ስደርስ ድምፄን እውጠው ነበር። የኔታ ደጋግመው አስመለሱኝ፤ እኔም ደጋግሜ ዋጥሁት። "ይህን ሳታቃና አላሰናብትህም" ቢሉኝ አንድ ማለዳ ሳልሰናበት ወጥቼ ወደ ጎንደር መጣሁ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አለፈ። መሪጌታ ተባልሁ፤ እኔም በተራዬ አስተማርሁ። ተማሪዎቼም እዚያች ስፍራ ሲደርሱ እንደ እኔው ይውጣሉ፤ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝና ስሕተት ነው ያለ ማንም የለም።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ በጽጌው ወር አጋማሽ፣ ከኮረብታው አንድ ደቀ መዝሙር ደወለልኝ። የኔታ ጆሯቸው እየተዘጋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ ጥቂት ይሰማሉ፤ "ያ የሸሸው ልጅ ጨርሶ ሳይዘጋብኝ መጥቶ ያቺን ስፍራ ያሰማኝ" ብለዋል አለኝ። የሸሸው ልጅ እኔ ነኝ፤ ስድሳ አራት ዓመቴ ነው።

ሐሙስ። ጎረቤቴ አየነው አሮጌ ነጭ አውቶሞቢል አለው፤ በእርሷ ሰው እያመላለሰ ልጆቹን ያሳድጋል። ጉዞዬን ሲሰማ ሌላ መኪና አታስቡ፣ ማለዳ ተነሥተን ለምሳ ዛሪማ እንደርሳለን አለኝ። መኪናይቱ ከሐምሌ ጀምሮ አልፎ አልፎ ሕቅ የምትል መሆኗን ግን አልደበቀኝም። ሰው ነዳጅ መርገጫውን ሲጫን በሞተሩ ጉሮሮ ላይ ያለ የአየር በር ይከፈታል፤ በሩ ምን ያህል እንደ ተከፈተ ለሞተሩ አእምሮ የምትናገር፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ሴንሰር አለች። እርሷን አስቀይሯት ለአንድ ሳምንት ደኅና ሆነች፤ ከዚያ ሕቅታው ተመለሰ። እኔም ነገሩን በቸልታ ሰማሁት፤ መኪናይቱን በሰኔ ሚካኤል ዕለት በገዛ እጄ ጠበል አፍስሼ መርቄለት ነበርና ምን ክፉ ያገኛታል ብዬ አሰብሁ።

ከከተማ ስንወጣ ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። የእኛ የቁስቋም ጉም ግንቡን ታክኮ ቀስ ብሎ የሚነሣ፣ እንደ ሽማግሌ የሚያዘግም ነው፤ ከከተማው ወዲያ ያለው የወገራ ደጋ ጉም ግን ከገብሱ ውስጥ ይበቅላል። መንገዱ፣ ገብሱና ሰማዩ አንድ ሆነው፣ የምንሄደው እኛ መሆናችን ወይም ወደ እኛ የሚመጣው አገሩ መሆኑ አልለይ አለኝ። በዚህ መካከል አንቀላፋሁ፤ በእንቅልፌም የኔታን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠው አየሁ።

የነቃሁት መኪናይቱ ስትንተባተብ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ አልፈን ወደ ዳባት በሚወስደው አንድ ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ ሕቅ ብላ ቆመች፤ ወደ ኋላም መንሸራተት ጀመረች። አየነው ፍሬኑን ረግጦ "መሪጌታ፣ ወርደው ታኮ ያድርጉልኝ" አለ። ወረድሁ፤ ድንጋይ ፈለግሁ። ድንጋይ በሞላበት አገር በዚያች ስፍራ ድንጋይ ጠፋ። ያለኝ መቋሚያዬ ብቻ ነበርና ከጎማው ሥር ሰደድሁት። ሃያ ዓመት ማኅሌት የቆምሁበት መቋሚያ እንደ ደረቅ አገዳ ቀጭ አለ። መኪናይቱ ግን በስባሪው ላይ ቆመች።

ከማሳው ማዶ ይህን ሁሉ የሚያይ አንድ ባላገር ነበር፤ አያ ደሴ ይባላል። ሁለት በሬዎቹን ፈትቶ ከነቀንበራቸው አመጣና ጎትቶ ወደ ደጁ አገባን። ሞተሩ እስኪበርድ ቢጠበቅም አልነሣ አለ። አያ ደሴ መኪናይቱን ዞሮ ዞሮ አያትና "የእኔ በቅሎ እንኳ ሲደክማት ጆሮዋን አጋድማ ትነግረኛለች፤ ይቺ ምነው ሳትናገር ትቆማለች?" አለ።

ያን ዕለት እዚያው አደርን። የጽጌን ጾም እንደምጾም ሲያውቁ ባለቤቱ ተልባ ወቅጠው በገብስ እንጀራ ፈትፍተው አቀረቡልን። የእኛ ቤት ተልባ ቀጭን ነው፤ የእርሳቸው ማር ይመስል ነበር። መደቡ ላይ ሁለት አጎዛ ደርበው አነጠፉልኝ፤ ብርዱ ግን ከአጎዛው ሥር ገብቶ አጥንቴን ቆጠረ። ጧት ስነሣ አያ ደሴ የወይራ ዘንግ ልጦ፣ በእሳት አቃንቶ ደጃፍ ላይ ጠበቀኝ። "እንደ መቋሚያው ሸጋ አይደለም" አለ፤ "ግን ጎማ አይሰብረውም።"

ዓርብ። ማለዳ መኪናይቱ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነሣች። እየዘለለች ዳባትን አለፈች፤ እየዘለለችም ደባርቅ አደረሰችን። እዚያ የሊማሊሞን ቁልቁለት ከመውረዳችን በፊት መታየት አለባት ብለን ሰው ብንጠይቅ ሁሉም ወደ አንዲት ሴት ጠቆሙን። አበራሽ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል፤ በባሕር ዛፍ አጥር ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ትሠራለች። በእኔ የልጅነት ዘመን ብረት የሚቀጠቅጥን ሰው ዓይኑን ፈርተን እንሸሽ ነበር፤ አሁን ከሦስት አውራጃ መኪና ይዘው ወደ ደጇ ይመጣሉ። ነጠላዬንና ጥምጥሜን አይታ እጇን በጨርቅ ጠረገችና ሰገድ አለችልኝ፤ ከዚያ ኮፈኑን ከፈተች።

አየነው በጎንደር የመመርመሪያ ማሽን ተሰክቶ ሴንሰሯ ናት መባሉን፣ እርሱም መቀየሩን ነገራት። "ማሽኑማ መልእክቱ አልደረሰም ይላል" አለችው፤ "መንገድ ላይ ማን እንደ ያዘው ግን አይናገርም።"

ያሳየችኝን እንደ ገባኝ ልጻፈው። ወደ ሴንሰሯ ሦስት ሽቦ ይሄዳል። በአንዱ ከሞተሩ አእምሮ ኃይል ይላካል፤ በአንዱ ያ ኃይል ወደ መሬት ይመለሳል፤ በሦስተኛው ወሬው ይመጣል። በሩ ሲዘጋ ወሬው ዝቅ ያለ ነው፤ በሩ ሲከፈት ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል። አበራሽ ሞተሩን ሳታስነሣ ቁልፉን ብቻ አስከፈተችና የሚላከውን ኃይል ለካች፤ አምስት ቮልት ሙሉ ነው። የመመለሻውን ለካች፤ ደኅና ነው። ለሦስተኛው ግን ቁጥር የሚጽፈውን ቴስተር አስቀምጣ ከሣጥኗ ሥር አሮጌ ባለ መርፌ ቴስተር አወጣች። ምነው ብላት፣ ቁጥሩ እስኪጽፍ ጥፋቱ ያመልጠዋል፤ መርፌ ግን ከወሬው ጋር አብራ ትሄዳለች አለችኝ።

አየነው ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ነዳጅ መርገጫውን ቀስ ብሎ እንዲጫን አዘዘችው። እርሱ የለመደው መንገደኛ ለመሻማት ነውና እግሩ ይፈጥናል፤ መርፌዋ ዘልላ ትወጣለች፣ ዘልላ ትወርዳለች።

"አንተ ሰው፣ ፌንጣ ነህ? ቀስ ነው ያልኩህ።"

"ቀስ ነው ያልኩት።"

"ይሄ ቀስህ ከሆነ ሊማሊሞን በምን ልትወርደው ነው?" ዞር ብላ አየችኝ። "አባቴ፣ እርስዎ ቢጫኑልኝ።"

በሕይወቴ የመኪና መሪ ኋላ ተቀምጬ አላውቅም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ከጆሮ በማይደርስ ድምፅ አንድ ረጅም ዜማ ጀመርሁና እግሬን ከዜማው ጋር ለቀቅሁት። መርፌዋ ከተከፈተው ኮፈን ጎን በአበራሽ እጅ ላይ ትታየኛለች። ወጣች፣ ወጣች፣ ከመውጫዋ ሲሶ ላይ ስትደርስ ድንገት ወደቀችና ተመልሳ ቆመች። "እንደገና" አለች አበራሽ። ደገምሁ፤ እዚያው ወደቀች። ሦስተኛም፤ እዚያው። አርባ ዓመት ሙሉ በጉሮሮዬ የማውቃትን ስፍራ በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ።

አበራሽ ጎንበስ ብላ ተመለከተችና አገኘችው። የነዳጅ መርገጫው ገመድ ሲሳብ እዚያች ላይ ሲደርስ ሽቦውን በጎኑ ይገፋዋል፤ ሽቦው ሲገፋ ደግሞ ሴንሰሯ የምትሰካበት ሶኬት ውስጥ ያለው ግንኙነት ይላቀቃል። ሶኬቱን ነቅላ አሳየችን፤ ውስጡ እንደ አሮጌ መዳብ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ሴንሰሯን ለብቻዋ ስትለካት መርፌዋ ያለ አንድ እንከን ወጣች፣ ያለ እንከን ወረደች።

"ሴንሰሯ ምንም የላትም፤ ውሃ ነው የገባበት" አለች። "ሞተር አጥበሃል አይደል?"

አየነው "በእመቤቴ! አንዲት ጠብታ ውሃ አላስነካሁትም" አለ፤ አልዋሸም። እንደ እኔው ሁሉ ጠበልን ከውሃ አልቆጠረውም።

"ሾፌር ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው" አለች አበራሽ።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት በዓይኔ መጣ። ኮፈኑ ተከፍቶ ነበር፤ እኔም ሙሉ ጀሪካን ጠበል ይዤ ነበር። አየነው ጥቂት ረጨት ቢያደርጉለት ይበቃል ሲለኝ፣ በረከት በእፍኝ አይሰፈርም ብዬ ሁሉንም በሞተሩ ላይ ያፈሰስሁት እኔ ነኝ። በዚያች ቅጽበት አየነውም አስታወሰ፤ አንድ ጊዜ አየኝና ዓይኑን ወደ ተራራው መለሰ። "ክረምቱ ይሆናል" አላት። እርሷም ኮፈኑን ሳይዘጋ ዝናብ ላይ የሚያቆም ሰው መኪና አይገባውም ብላ ገሠጸችው። አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። እኔ ዝም አልሁ። ሽማግሌ ነኝ፣ ጥምጥም አለኝ፣ ሴትዮዋ ሰግዳልኛለች፤ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰና ዋጥሁት።

አበራሽ ከአንድ አሮጌ መኪና ሶኬት ፈትታ፣ ሽቦዎቹን ቆርጣ በእሳት በቀለጠ ስታኞ በየደችው፤ ገመዱ እንዳይነካውም አርቃ አሰረችው። ከዚያ አንድ ጊዜ አስጫነችኝ፤ መርፌዋ ከታች እስከ ላይ ሳትሰናከል ወጣች። ልንሄድ ስንነሣ "ሲጸልዩ ወለተ ሚካኤል ብለው ያስቡኝ" አለችኝ። የሚካኤል ስም ከሁሉ ይልቅ ወጋኝ።

ጊዜው ስለ ገፋ፣ በጉም ሊማሊሞን መውረድ ስለማይገባ ደባርቅ አልቤርጎ ያዝን። ከኮረብታው ደውለው ዛሬ ጧት የኔታ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አልሰሙም አሉን። አየነው ራት ላይ ስለ አያ ደሴ በቅሎ እያነሣ አሳቀኝ፤ ስለ ጠበሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዝምታው ከተግሣጽ ይልቅ ከበደኝ።

ቅዳሜ። ሊማሊሞን ላላየው ሰው እንዴት እንደምነግር አላውቅም። ምድር እንደ ተጠቀለለ ብራና ድንገት ወደ ታች ይፈታል። ደመናው ከእግራችን በታች ነበር፤ ተራሮቹ ራሳቸውን ብቻ አውጥተው እንደ ደሴት ተቀምጠዋል። የጣና ደሴቶች ትዝ አሉኝ፤ በዚህኛው ባሕር ውስጥ ግን የምንጠልቀው እኛ ነን። በየጥምዝምዙ ስንዞር አሁን ፀሐይ፣ አሁን ጥላ፣ አሁን የዝንጀሮ መንጋ። መኪናይቱ አየነው ባዘዛት መጠን ትሄዳለች፤ ሕቅ አላለችም። በመካከሉ የነቃሁ ይሁን ያንቀላፋሁ ሳልለይ፣ የሚወርደው መኪናው ሳይሆን አርባው ዓመት ነው፣ ከታች ስደርስ ወጣት እሆናለሁ የሚል ሐሳብ ያዘኝ።

ከታች ስንደርስ ወጣት አልሆንሁም፤ ሞቀኝ እንጂ። በጧት ጋቢ ደርቤ የወጣሁ ሰው ዛሪማ ላይ ነጠላዬም ከበደኝ። የገበያ ቀን ነበርና በግመልና በአህያ መካከል መንገድ አጣን። አንዲት ጠጅ ነጋዴ እናት ጾመኛ መሆኔን አይተው ውሃ በቅል ሰጡኝ፤ የዛሪማ ውሃ እንደ ደባርቁ ጥርስ አይሰብርም፣ የሸክላ ሽታ አለው። መኪናይቱን አቁመን በአያ ደሴ ወይራ እየተደገፍሁ አቀበቱን ወጣን። ቀድሞ በአንድ ትንፋሽ የምወጣው ነበር፤ አሁን አምስት ጊዜ ዐረፍሁ። አየነው "አይድከሙ፣ ይያዙኝ" እያለ ትከሻውን ሰጠኝ። ደቀ መዛሙርቱ እግራችንን አጥበው ተቀበሉን። የኔታ ግን አመሻሹ ላይ ጆሯቸው አይሰማምና ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን አሉን።

እሑድ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ከሾላው ሥር ሰሌን ተነጠፈላቸው። የኔታ በጣም አንሰዋል፤ ሰውነታቸው ሸማ ብቻ የቀረ ይመስላል። ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ዙሪያውን ቆመዋል፤ አየነውም ዳር ላይ ቆሟል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እጃቸውን በራሴ ላይ አድርገው፣ ማን መሆኔን ማንም ሳይነግራቸው፣ "የሸሸው" አሉ።

ከዚያ "ሐሙስ ትመጣለህ ብለውኝ ነበር። ሐሙስ ደኅና እሰማ ነበር። ምን አዘገየህ?" ብለው ጠየቁኝ።

ኃጢአት በለሆሳስ የሚነገር ነው፤ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ሹክ አልሁ። "አልሰማሁም" አሉ። ከፍ አድርጌ ደገምሁት። "ምን? ማን ዘነበበት?" አሉ። ደቀ መዛሙርቱ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቀና ስል አየነው ራሱን ነቅንቆ "ይተዉት" የሚል ምልክት ሲሰጠኝ አየሁ። በደባርቅ ስለ እኔ ተገሥጿል፤ አሁንም ሊሸከምልኝ ነው። ያን ጊዜ በደረቴ ያለውን አየር ሁሉ ሰብስቤ፣ ማዶ ያለው ገደል እስኪመልሰው ድረስ ጮኽሁ፦

"ጠበሉን በሞተሩ ላይ ያፈሰስሁት እኔ ነኝ! አየነው የለበትም! ጥፋቱ ሲወጣም ዝም ያልሁት እኔ ነኝ!"

ገደሉ "እኔ ነኝ" ብሎ መለሰ። የሚስቅም አልነበረም። አየነው ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

የኔታ በሰሌኑ ላይ ዘወር ብለው ቀኝ እጃቸውን በጀርባዬ፣ በሁለቱ ትከሻዎቼ መካከል አኖሩ። ዜማ ቤት ሳለን ስንሳሳት በጣታቸው የሚመቱን እዚያ ነበር።

"ይህን አርባ ዓመት ሙሉ የት ደብቀኸው ነበር?" አሉ። "በል፣ በዚሁ ድምፅ ጀምር።"

ጀመርሁ። የሚሰሙኝ በእጃቸው እንጂ በጆሯቸው እንዳልሆነ አውቄአለሁ። ያቺ ስፍራ ስትቀርብ ጀርባዬ የጣታቸውን ምት እየጠበቀ ደነደነ። ደረስሁ። ከፍ አልሁ። ተንጠልጥዬ ቆየሁ፤ እስኪበቃም ቆየሁ። ጣታቸው አልተነሣችም።

ስንመለስ ደባርቅ ላይ ቆመን ለአበራሽ እውነቱን ነገርኋት። ስቃ ስትጨርስ "ለከርሞ ጎማው ላይ ያፍስሱት አባቴ፤ ጎማ ውሃ አይፈራም" አለችኝ፤ አየነውንም ይቅርታ ጠየቀችው። አያ ደሴ ዘንጉን መልሼ ልስጠው ብል እምቢ አለ፤ ዘንጉ አሁን ከቤቴ በር ጀርባ ቆሟል።

ነገ ጠዋት ተማሪዎቼን እሰበስባለሁ። ያቺን ስፍራ እስከ ዛሬ በስሕተት እንዳስተማርኋቸው፣ የሚውጡትም የእኔን ፍርሃት እንጂ የአባቶችን ዜማ እንዳልሆነ እነግራቸዋለሁ። ቤቷ ጠባብ ናትና ጎረቤቶቼም ይሰማሉ፤ ይስሙ።